አባት ነፋስ ነው ላሉት ለክቡር ዳይሬክተራችን

ለክቡር ፕሮፌሰር ዶክተር ስቬቶዛር ግሩቢች
የከተማችን ሆስፒታል ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት (የት እንዳሉ ጸሐፊዎም በእርግጠኝነት ባታውቅም)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም አንገትዎ እንዴት ሰነበተልን? በዚህ በክረምቱ መውጫ ከሞራቫ ወንዝ የሚነሳው ነፋስ የሰው አንገት እየመረጠ ስለሚያርፍ፣ እርስዎን በመሰለ ታላቅ ሰው አንገት ላይ እንዳያርፍ ሳልጸልይ የዋልኩበት ቀን የለም። በር ከፍተው፣ መስኮት ከፍተው፣ መሀል ላይ እንዳይቀመጡ አደራ። እርስዎን ያጣን ዕለት ማን ይከለክለናል?

እኔ ቬሊቦር ስታንኮቭ እባላለሁ፤ የአምስት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። እርስዎ በአውቶቡስ ስለማይሄዱ አያውቁኝም፤ ነገር ግን ነፋስን በሚመለከት የሙያ ባልደረቦች ነን ብዬ አምናለሁ። በአገራችን በሰርቢያ ሰው የሚሞተው በሌላ በምንም ሳይሆን በሁለት ክፍት መስኮቶች መካከል በሚያልፍ ነፋስ መሆኑን እናቶቻችን ከጡት ጋር አጥብተውናል። በሐምሌ ሐሩር፣ አውቶቡሴ ውስጥ ሰው ቀልጦ ሊፈስ ሲደርስ፣ አንዱ ጎረምሳ መስኮት ገርበብ ካደረገ ከኋላ ወንበር "ኧረ ዝጋው! ልትፈጀን ነው እንዴ?" የሚል ጩኸት ይነሳል። እኔም በመስታወት እያየሁ "ዝጋ በለው!" እላለሁ። ይህን የምነግርዎት ነፋስን የሚንቅ ሰው ጻፈልኝ ብለው እንዳያዝኑ ነው።

ከሾፌርነቴ ሌላ የኢስክራ አባት ነኝ። ኢስክራ ማለት በሆስፒታልዎ ሁለተኛ ፎቅ፣ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል፣ ከመስታወቱ በስተግራ ባለው ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ የተኛችው፣ ሦስት ወር ገደማ ቀድማን የመጣችው፣ አንድ ኪሎ ስኳር የማታክል ልጅ ናት። ባለቤቴ ቦያና የደም ግፊቷ ድንገት አሻቅቦ እናትም ልጅም ሊያመልጡን ሲሉ በቀዶ ሕክምና ተገላገለች። ከዚያ ቁስሏ አመርቅዞ ትኩሳት ስለያዛት ሦስተኛ ፎቅ አልጋ ይዛ ቀረች። እናት ሦስተኛ ፎቅ፣ ልጅ ሁለተኛ ፎቅ፣ አባት ደረጃው ላይ። ይህም ደብዳቤ የተጻፈው ከደረጃው ነው።

ቅሬታ የሚለው ቃል ለእርስዎ ክብር ስለሚከብድ፣ ከዚህ በታች ያሉትን ምስጋና ብዬ ቆጥሬያቸዋለሁ።

1ኛ. ስለ ሸሚዜ አመሰግናለሁ። ከሥራ ብዛት ዘንግተውት እንደሆነ ላስታውስዎና፣ በእኛ ዘንድ ሰው ልጅ ሲወለድለት ወዳጆቹ ከብበው ሸሚዙን ከላዩ ላይ ይቀዱለታል። ደስታ ነው፣ ምርቃት ነው። ኢስክራ የተወለደች ዕለት ወሬው ጋራዥ ሲደርስ ግን ማንም እጁን አላነሳም። አንዱ "ትንሽ እንታገሥ፤ ትጠንክርና እንቀዳለን" አለ። ሌላው "እጅጌውን ብቻ ዛሬ፣ የቀረውን ከሆስፒታል ስትወጣ" የሚል የመካከለኛ ሐሳብ አቀረበ። ሁሉም እግር እግሩን ያያል። በመጨረሻ መካኒካችን ግቮዝደን እጁን ከግራሶው ሳያጸዳ መጣና "ምን ሆናችኋል እናንተ? ልጅ በኪሎ ነው እንዴ የሚወለደው? ተወለደች፣ አለቀ!" ብሎ ሸሚዜን ከኮሌታው እስከ እምብርቴ ለሁለት ተረተረው። ክቡር ሆይ፣ አባት መሆኔን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁሉም አስተዛዛኝ ሆኖብኝ ነበር።

አማቴ ዴሳንካ ደግሞ ሸሚዙን ስታይ "ልጅቷ እቤት እስክትገባ እንዳታወልቃት! መርፌ ካስነካሃት የልጅቷን ዕድል ዘጋህባት" ብላ አዘዘችኝ። አማት ከዳይሬክተር በላይ ስለሆነች ማታ ማታ እያጠብኩ፣ ጠዋት ጠዋት እለብሰው ጀመር። ሆስፒታልዎ በር ስደርስ ጥበቃው ቲሆሚር ከላይ እስከታች አየኝና "ወንድሜ፣ ከማን ጋር ተደባድበህ ነው? ድንገተኛ ክፍል በዚያ በኩል ነው" አለኝ። ልጅ ተወልዶልኝ ነው ስለው "እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ!" ብሎ ጉንጬን ሦስቴ ሳመኝ። ስሞኝ ሲያበቃ መለሰኝ። "ምን ላድርግ፣ በተቀደደ ልብስ አይገባም የሚል ሕግ አለ" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። በኋላ አዘነልኝና የራሱን የደንብ ልብስ ኮት አውሶኝ ገባሁ። ስለዚህ ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት የእርስዎ ጥበቃ ሆኜ ነው። መንገድ ላይ ሦስት ሰዎች ራጅ ክፍል የት እንደሆነ ጠይቀውኝ በትሕትና መርቻለሁ። ደመወዝ አልጠየቅኩም።

2ኛ. ስለ ፖስተሩ አመሰግናለሁ። ሁለተኛ ፎቅ ወላጆች ቆመው የሚያዩበት መስታወት ላይ፣ በልጄ ሣጥን ትይዩ፣ የበር ያህል የሚሰፋ ውብ ፖስተር አስለጥፈዋል። አንዲት እናት ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ ብላለች፤ ከሥሩ "የወላጅ ገላ የሕፃን የመጀመሪያ መድኃኒት ነው" ተብሎ ተጽፏል፤ ከጽሑፉ ሥር የእርስዎ ፎቶግራፍ አለ። ችግሩ ፖስተሩ ልጄን ሙሉ በሙሉ ጋርዷታል። ከወለሉ በኩል በቀረችው ክፍተት ተንበርክኬ ሳይ የምትታየኝ አንዲት እግር ናት፤ የሲኒ ጆሮ የምታህል። ሲስተር ሚሌቫ ተንበርክኬ ስታገኘኝ የምጸልይ መስሏት በእግሯ ጣት እየተራመደች አለፈችኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ደግሞ ልጅ አለችኝ፣ ግን የማየው እርስዎን ነው።

3ኛ. ሦስተኛው ምስጋና ለጊዜው ይለፈኝ። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለከተማችን ጋዜጣ ተልኳል፤ ባለቤቴም ጋዜጣ ታነባለች።

4ኛ. አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ነፋሱ ልምጣ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች መተንፈስ ይረሳሉ። እኔ ቁልፍ እረሳለሁ፣ ጃንጥላ እረሳለሁ፤ ኢስክራ መተንፈስ ትረሳለች። ስትረሳ ማሽኑ ይጮሃል፣ ሲስተሯ ሮጣ እግሯን ትቆነጥጣለች፣ ልጄም "አዎ ለካ" ብላ ትቀጥላለች። ይህን ከመስታወት ማዶ ቆሞ መስማት ምን እንደሚመስል ልገልጽልዎ አልችልም፤ ልሞክርም አልፈልግም። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ኮሳራ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አግኝታኝ "ይህቺ ልጅ ደረት ላይ መተኛት አለባት፣ ቆዳ ለቆዳ። የሰው እስትንፋስ ሲሰማት ትረጋጋለች፤ የራሷንም አትረሳም። እናቷ ገና ትኩሳት ላይ ናት። አንተ ደረት አለህ?" አለችኝ። አለኝ አልኳት። "እንግዲያው የቀረን የዳይሬክተሩ ፈቃድ ነው" አለችና ጣቷን ወደ በሩ ቀሰረች። 

ለካ በሩ ላይ በፊርማዎ የተለጠፈ መመሪያ ኖሯል። ቃል በቃል ልጥቀሰው፦ "ወላጅ ሲገባ በር ይከፈታል፤ በር ሲከፈት ከኮሪደሩ መስኮት ጋር ነፋስ ይፈጥራል፤ ስለሆነም ወላጅ አይገባም።" አቤት አገላለጽ! የኮሪደሩ መስኮት መቀርቀሪያው ከተሰበረ ዘመን አልፎታል፤ አንዲት ብሎን ነው የጎደለችው። ሌላ ሰው ቢሆን ብሎኗን አስገብቶ ይገላገል ነበር። እርስዎ ግን ጠለቅ ብለው አስበው፣ መስኮቱን ትተው አባትን ዘጉ። ሐኪሞች በዚያ በር ይገባሉ፣ ሲስተሮች ይገባሉ፣ የጽዳት ሠራተኞች ባልዲያቸውን ይዘው ይገባሉ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የቴሌቪዥን ካሜራ የተሸከመ ጎረምሳ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ነፋስ የለም። ነፋስ የሚነሳው የወለደ ሰው ሲመጣ ብቻ ነው።

ቢሆንም ፈቃድዎን ልለምን ቢሮዎ ሄድኩ። ጸሐፊዎ ሞንቴኔግሮ፣ ባሕር ዳርቻ፣ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነገረችኝ። የስብሰባው ርዕስ "ቤተሰብን ያማከለ የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ" ነው አለች። እርሷ ስትናገር አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅኩም። "ሲመለሱ ይምጡ" አለችኝ። እስኪመለሱ ድረስ ትንፋሽሽን ያዢ ብዬ ለኢስክራ ልነግራት አልቻልኩም። መጀመሪያም ችግሯ እሱ ነው።

5ኛ. ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ። ጸሐፊዎን ሳነጋግር በተከፈተው በር በኩል አየሁት። ይህ ወንበር ታሪክ አለው። ዶክተር ኮሳራ ወላጅ ልጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የሚጋደምበት ወንበር ክፍሏ እንደሌለው ስትነግረኝ ጋራዥ ሄጄ አወራሁ። ግቮዝደን ከተጣለ አሮጌ አውቶቡስ የሾፌሩን ወንበር ነቀለ፤ ያንን ከሥሩ በአየር የሚነፋውን፣ ጉድጓድ ውስጥ ብትገባም ቂጥህን እንደ እናት የሚይዝህን። የጋራዡ ልጆች ወደ ኋላ እንዲጋደም አደረጉት፣ በአዲስ ቆዳ አለበሱት፣ መንኮራኩር ገጠሙለት። እርስዎም ወደ ባሕሩ ከመሄድዎ በፊት በቴሌቪዥን ፊት ሪባን ቆርጠው ተረከቡን፤ ተቀምጠውም "አሃ!" አሉ። ያ "አሃ" እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። ከዚያ ወንበሩ ሁለተኛ ፎቅ በመውጣት ፈንታ ናይለን ለብሶ ቢሮዎ ገባ፤ ሆስፒታሉን የሚጎበኘው የጤና ሚኒስቴር ኮሚሽን እስኪመጣ እንዳይቆሽሽ። አልፈርድብዎትም፤ የእኔም እናት ሳሎን ውስጥ ናይለን የለበሰ ሶፋ አላት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀን ሳይቀመጥበት ነው የሞተው። ለእንግዳ ነው ትላለች። እንግዳው እስካሁን አልመጣም።

6ኛ. እርስዎ በሌሉበት ስለተፈጸመው ወንጀል፣ ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። አማቴና እኔ መስታወቱ ጋ ነበርን። ማሽኑ ጮኸ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ ጮኸ፣ ደግሞ። ተንበርክኬ አየሁ፤ ያቺ የማውቃት እግር አመድ መስላለች። በሩ ብርግድ አለና ዶክተር ኮሳራ "ቬሊቦር፣ ና ግባ! አሁኑኑ!" አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቢስቁብኝ መብትዎ ነው፦ ቆምኩ። ደፍ ላይ ቆሜ ወደ ኮሪደሩ መስኮት ዞርኩና "ነፋሱስ?" አልኩ። ልጄ እየሞተች እኔ ነፋሱስ አልኩ! እርስዎን ያሳደገች አገር ልጅ ነኝና።  ያኔ አማቴ ዴሳንካ፣ በነፋስ ጉዳይ በከተማችን ከእርሷ የበለጠ አዋቂ የሌለው፣ ቦርሳዋን ወርውራ ሄዳ መስኮቱን በጀርባዋ ደፍና ቆመች። "ግባ አንተ ደንቆሮ! እኔ ቆሜ ነፋስ አያልፍም!" ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው፤ በዚያች ሴትዮ በኩል ታንክም አያልፍም።

ገባሁ። "ምን ላይ ነው የሚቀመጠው?" አለች ሲስተር ሚሌቫ። ዶክተሯ ቲሆሚርን በስልክ ጠራችው፤ ቲሆሚርም ቁልፉን ይዞ ቢሮዎን ከፍቶ ወንበሩን በኮሪደሩ እየገፋ ከተፍ አለ። ናይለኑን ሊያወልቀው ቢል እምቢ አለው፤ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ይዞ ለሁለት ቀደደው። እንደ ባህላችን። "ሸሚዝህን አውልቅ" አለችኝ ዶክተሯ፤ ከዚያ አየችኝና "አያስፈልግም፣ ተዘጋጅተህ ነው የመጣኸው" አለች። ግቮዝደን ከኮሌታ እስከ እምብርት የከፈተው ቦታ ላይ ልጄን ከነቱቦዋ አስቀመጡልኝ።

ምንም አትከብድም። ፊቷን ጡቴ ሥር ቀብራ፣ አንድ ጊዜ ተፍገምግማ፣ ጸጥ አለች። እኔ ተነፈስኩ፤ እርሷም ተነፈሰች። ደገምኩ፤ ደገመች። ማሽኑ ዝም አለ። ዝም እንዳለ ቆየ፤ ሲስተር ሚሌቫ ተበላሽቶ እንዳይሆን ብላ መታ መታ አደረገችው። እኔ አለቀስኩ፤ ተንሰቅስቄ ባለቅስ ደረቴ ይናወጣል ብዬ ፈራሁና እንባዬ ብቻ ወረደ። ከደስታም ከፍርሃትም ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼም ደስ ብሎኝም አያውቅም። በየቀኑም ገባሁ፤ በየቀኑም አማቴ መስኮቱን ደፈነች፤ በእነዚያ ቀናት ልጄ መተንፈስ የረሳችበትን ጊዜ ሲስተሮቹ በአንድ እጅ ጣት ቆጠሩት።

7ኛ. ከዚያ እርስዎ በደህና ተመለሱልን፤ ፀሐይ መትቶዎት አምሮብዎታል። ወንበሩ ወደ ቢሮዎ ተመለሰ፣ አዲስ ናይለን ለበሰ። ቲሆሚር መኪና ማቆሚያ ጥበቃ ሆነ። እኔ ወደ ደረጃዬ ተመለስኩ፤ ማሽኑም ወደ ጩኸቱ። ዶክተር ኮሳራ ደግሞ ሰኞ ጠዋት "በጽኑ ሕክምና ክፍል ያልተፈቀደ ነፋስ በማስገባት" በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንድትቀርብ ታዘዘች። ነፋስ መሆኔን ከዚህ ትእዛዝ ስላረጋገጥኩ ተከሳሹ እኔ ልሁን ብዬ አመልክቼ ነበር። ነፋስ በኮሚቴ ፊት አይቀርብም ተባልኩ።

ወደ ሦስተኛው ልመለስ፤ ባለቤቴም ታንብበው። ያን ሰሞን ገና ልጄን ሳልነካ፣ ቦያና በትኩሳቷ መሀል "ጭንቅላቷ ምን ምን ይሸታል?" ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ትኩስ ዳቦ ትሸታለች ብዬ ዋሸሁ፤ አመነችኝ፣ ወይም ያመነች መሰለች። አሁን እውነቱን አውቀዋለሁ፤ የሆስፒታል አልኮል ትሸታለች፣ ከጆሮዋ ኋላ ግን ወተት ወተት ትላለች። ልነግራት ስል "ተወው፣ አትንገረኝ። ራሴ ወርጄ አሸታታለሁ" አለችኝ። ትኩሳቷ ለቋታል። ነገ ደረጃ መውረድ ትችያለሽ ብለዋታል። የወለደቻትን ልጅ እስከዛሬ በጣቷ እንኳ አልነካቻትም፤ ካየቻትም በስልኬ ካነሳኋት ፎቶ ላይ ነው፤ ፎቶው ደግሞ፣ ስልክ ክፍሉ ውስጥ ስለማይገባ፣ የእግሯ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እግርዎ ሥር ወድቄ የምለምነው ትንሽ ነው። ነገ ቦያና ስትወርድ ያ በር ይከፈትላት፣ ወንበሩም በሩ ሥር ይጠብቃት፣ ሰኞም ዶክተር ኮሳራ ኮሚቴ ፊት ሳይሆን በሽተኞቿ ጋ ትዋል። ብሎኗን ግቮዝደን በኪሱ ይዟት ይመጣል፤ መፍቻም አለው። ይህ የማይሆን ከሆነ፣ በከተማችን አባቶች ከማዋለጃ ክፍል መስኮት ሥር ቆመው ወደ ላይ መጣራት የቆየ ልማዳችን ስለሆነ፣ ሰኞ ጠዋት የጋራዡ ሾፌሮች በሙሉ ሸሚዛቸውን ቀድደው ከቢሮዎ መስኮት ሥር ቆመው የእርስዎን ስም ይጣራሉ። መስኮትዎን ከፍተው ብቅ እንዲሉልን አልጠይቅዎትም፤ ነፋስ አለ።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ቢሮዎን ያሙቀው፤ ኮሚሽኑንም በሰላም ያድርስልዎ፤ ከበር ከመስኮት፣ ከአባት ከእናት ነፋስ ይሰውርዎ እያልኩ፣ የተቀደደ ሸሚዜን በሁለት እጄ ገጥሜ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ታዛዥዎ፣ ጊዜያዊ ጥበቃዎና ያልተፈቀደው ነፋስዎ
ቬሊቦር ስታንኮቭ
ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ፎቅ መካከል፣ ደረጃው ላይ

ማስታወሻ፦ የወንበሩን አዲስ ናይለን ገለጥ ቢያደርጉ በስተቀኝ ክንዱ ላይ አንዲት ነጭ ጠብታ ያገኛሉ። ቦያና ከሦስተኛ ፎቅ እያለበች ከምትልከው፣ ኢስክራም በቱቦ ከምትወስደው ወተት የፈሰሰች ናት። አደራዎን እንዳይጠርጓት። ኮሚሽኑ መጥቶ "በዚህ ሆስፒታል ወላጅ ልጁን ያቅፋል ወይ?" ብሎ ሲጠይቅዎ፣ ከፖስተሩ ሌላ የሚያሳዩት ማስረጃ እሷ ብቻ ናት።